ሁሉ ሞልቶ ሰው ሲራብ፦ ብቸኝነት ምንድን ነው? መድኃኒቱስ?

ባሕር ዳር፦ አንድ አዛውንት አባትን በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ድረው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። አንዱ ልጃቸው አዲስ አበባ ይሠራል፤ ሁለተኛዋ ዓረብ ሀገር ናት፤ ሦስተኛው በወረዳው ከተማ ይኖራል። በየጊዜው ገንዘብ ይላክላቸዋል፤ በበዓል ቀን ስልክ ይደወልላቸዋል። ጎተራቸው ባዶ አይደለም፤ ጤናቸውም ለዕድሜያቸው ደኅና ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ማታ እራት ሲቀርብላቸው ጥቂት ቀምሰው ይተዉታል። ምን እንደጎደላቸው የጠየቃቸው ሰው ቢኖር መልሳቸው አጭር ነው፤ “ሁሉም አለኝ፤ ሰው ተርቤያለሁ።”

ይህ አነጋገር በገጠርም በከተማም የተለመደ ነው። ቋንቋችን የሰውን እጦት ከእንጀራ እጦት ጋር በአንድ ቃል መጥራቱ ለማሳመር ብቻ አይደለም። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ለዐሥርት ዓመታት አጥንተው የደረሱበት ድምዳሜም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ሰው ለመኖር ምግብ እና ውኃ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ እርሱ “የእኔ” የሚለው፣ እርሱንም “የእኛ” የሚለው ወገን ያስፈልገዋል። ይህ ሲጎድል የሚሰማው ስሜት ብቸኝነት ይባላል። ለመኾኑ ብቸኝነት ከብቻ መኾን በምን ይለያል? አካልንስ እስከ መጉዳት የሚያደርሰው እንዴት ነው? እኛስ ለራሳችን እና ለጎረቤታችን ምን ማድረግ እንችላለን?

ብቻ መኾን እና ብቸኝነት

ብቻውን ያለ ሰው ሁሉ ብቸኛ አይደለም። በገዳም ሱባኤ የያዘ መናኝ፣ በመስክ ከብት የሚጠብቅ እረኛ፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚያጠና ተማሪ ብቻቸውን ናቸው። ኾኖም ከማን ጋር እንደተሳሰሩ፣ ሲመለሱ ማን እንደሚቀበላቸው ያውቃሉና ሰላም አላቸው። በአንጻሩ በገበያ መሐል፣ በቢሮ፣ በሠርግ ቤት፣ ይባስ ብሎም በትዳር ውስጥ ኾኖ ብቸኝነት የሚያንገበግበው ሰው አለ። ብቸኝነት የሰው ቁጥር ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው ሊኖረው በሚሻው ግንኙነት እና በእጁ ባለው ግንኙነት መካከል ያለው ክፍተት የሚፈጥረው ሕመም ነው።

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ጉዳዮች ተመራማሪ ሮበርት ዌይስ እ.ኤ.አ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ብቸኝነትን በሁለት ከፍሎ አሳይቷል። የመጀመሪያው የልብ ወዳጅ ማጣት ነው፤ ምሥጢር የሚያካፍሉት የትዳር አጋር ወይም እንደ ነፍስ የሚቀርብ ጓደኛ ሲታጣ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው የማኅበር እጦት ነው፤ የሚቆጠሩበት ወገን፣ ቢቀሩ “የት ሄደ?” ብሎ የሚጠይቅ ስብስብ ሲጠፋ የሚሰማ ነው።

ይህ ክፍፍል ለዕለት ኑሯችን ጠቃሚ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካምና። ባለቤታቸውን ያጡት አባት ዕድራቸው ሙሉ ቢኾንም የማታው ዝምታ አልቀረላቸውም። በአዲስ ከተማ ሥራ ይዛ ከባሏ ጋር የምትኖር ወጣት ደግሞ ትዳሯ ደስተኛ ቢኾንም፣ ቡና ጠጪ ጎረቤት ስታጣ ቤቱ ይጠብባታል። መፍትሔ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የጎደለው የትኛው እንደኾነ ሊለይ ይገባዋል።

ለምን ይህን ያህል ያማል?

እ.ኤ.አ በ1995 ሮይ ባውማይስተር እና ማርክ ሊሪ የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን እስከዚያ ጊዜ የነበሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። ፍሬ ሐሳቡ፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎት ነው የሚል ነው። ይህ ፍላጎት እንዲሟላ ሁለት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ አስረድተዋል። አንደኛው በተደጋጋሚ መገናኘት ሲኾን፣ ሁለተኛው ያ ግንኙነት ነገም የሚቀጥል፣ አንዱ ለሌላው የሚያስብበት መኾኑ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሚጎበኝ ወዳጅ ወይም በየቀኑ የምናየው ነገር ግን ስማችንን የማያውቅ ሰው ብቻውን የማያጠግበው ለዚህ ነው።

የመገለልን ሕመም ለመረዳት የተደረገ አንድ ሙከራም አለ። እ.ኤ.አ በ2003 በወጣው በዚህ ጥናት፣ ተሳታፊዎች በአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ ኾነው በኮምፒውተር ኳስ የመቀባበል ጨዋታ ይጫወታሉ። ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር እንደሚጫወቱ ተነግሯቸዋል። ጥቂት ከቆየ በኋላ ግን ሁለቱ እርስ በርስ ብቻ ይቀባበላሉ፤ ለተሳታፊው ኳስ የሚያቀብለው አይኖርም። ጉዳዩ ገንዘብ የሌለበት፣ ለማያውቁት ሰው የሚደረግ ተራ ጨዋታ ነበር። ይሁን እንጂ የተገለሉት ሰዎች አዘኑ፤ የአካል ሕመም ሲሰማ የሚነቃቃው የአንጎል ክፍልም ሲነቃቃ ታየ። የልብ ስብራት እና የአጥንት ስብራት አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ነገር ግን መገለልን “ቁስል” ብለን መጥራታችን ከንቱ ንግግር አለመኾኑን ያመለክታል።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ስለ ብቸኝነት ለረጅም ዘመን ያጠናው ጆን ካሲዮፖ ደግሞ ነገሩን በቀላል ምሳሌ አስረድቷል። ረኀብ ምግብ እንድንፈልግ፣ ጥማት ውኃ እንድንፈልግ እንደሚቀሰቅሰን ሁሉ ብቸኝነትም ወደ ሰው እንድንመለስ የሚያነቃ የተፈጥሮ ደወል ነው። ከመንጋው የተለየ በግ ለአውሬ እንደሚጋለጥ፣ ጥንት ከወገኑ የተነጠለ ሰውም ለአደጋ የተጋለጠ ነበርና ይህ ደወል ሕይወት አድን ነበር። ስለዚህ ብቸኝነት የሚሰማው ሰው ደካማ ወይም ጎዶሎ አይደለም። ደወሉ እየሠራለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደወሉ ሳያቋርጥ ለወራት እና ለዓመታት ሲጮኽ ነው።

እንደ ሽክርክሪት የሚዞር ችግር

ከወገኑ የተለየ ሰው አእምሮው ዘብ ይቆማል። እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ የሰዎችን ፊት ሲያይ ከፈገግታው ይልቅ ግልምጫውን ቶሎ ያነባል። ጎረቤቱ በሐሳብ ተውጦ ሳያየው ቢያልፍ “ናቀኝ” ይላል። ሳይጠራ የቀረበት ድግስ ቢኖር “ሆን ብለው ነው” ብሎ ይደመድማል። በዚህ የተነሣ ራሱ ይርቃል፤ ሲጠሩት ይቀራል። ሌሎችም በፊናቸው “ኩሩ ኾኗል፤ ሰው ጠልቷል” ብለው መጥራታቸውን ይተዋሉ። ብቸኝነቱ ተመልሶ ራሱን ይወልዳል ማለት ነው።

ይህ ዘብ የመቆም ሁኔታ ሲረዝም አካልም ይደክማል። የጭንቀት ሆርሞኖች ይዛባሉ፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ የሰውነት በሽታን የመከላከል አቅም ይታወካል። ጁሊያን ሆልት ላንስታድ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ በ2010 ባሳተሙት ሥራ 148 ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረዋል። በጥናቶቹ ከ308 ሺህ በላይ ሰዎች ተካተዋል። ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች ትስስራቸው ከላላ ሰዎች ይልቅ በጥናቶቹ ጊዜ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ የላቀ ኾኖ ተገኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳዩን በቸልታ አላየውም። በማኅበራዊ ትስስር ላይ የሚሠራ ኮሚሽን ያቋቋመ ሲኾን፣ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ በሰኔ 2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃው አመልክቷል። ከብቸኝነት ጋር የተያያዘ ሞት በዓመት ከ871 ሺህ እንደሚበልጥም ገምቷል፤ ይህም በየሰዓቱ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ማለት ነው።

“እኛ ዘንድ ብቸኝነት የለም” እንበልን?

ብዙዎቻችን ብቸኝነትን የሀብታም ሀገራት በሽታ አድርገን እንቆጥራለን። በዚያ በር ዘግቶ መኖር የተለመደ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሰው በሰው ነው የሚኖረው እንላለን። ይኸው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ግን ያልተጠበቀ ነገር ያሳያል። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ብቸኝነት እንደሚሰማቸው የተናገሩ ሰዎች ከመቶ 24 ገደማ ሲኾኑ፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት ከመቶ 11 ገደማ ናቸው። እጥፍ ያህል ነው።

ይህ እንዴት ሊኾን ይችላል? መልሱን በቅርባችን ማየት ይቻላል። ድህነት ከሰው ይለያል። ለማኅበር ጽዋ ሲደርሰው የሚደግሰው የሌለው አባወራ፣ የዕድር ወርኀዊ መዋጮ የተጠራቀመበት የቀን ሠራተኛ፣ ሠርግ ሲጠራ የሚለብሰው እና የሚሰጠው ያጣ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። ቀስ በቀስ ይቀራል። ሰዎች “ጠፋህ” ይሉታል፤ እርሱ “ሥራ በዝቶብኝ” ይላል። የተሳሰርንባቸው ገመዶች ጠንካራ መኾናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ገመዱን ይዞ ለመቆየት አቅም የሚጠይቅ ሲኾን፣ አቅም ያነሰው መጀመሪያ የሚለቀቀው ይኾናል።

ሕመምም ይለያል። ምጥ በመርዘሙ ምክንያት በፊስቱላ የተጠቁ እናቶችን ታሪክ እናስታውስ። ሽንታቸውን መቆጣጠር ስላልቻሉ ከትዳር የተባረሩ፣ ከቡና እና ከሰንበቴ የቀሩ፣ ጓሮ ትንሽ ጎጆ ተቀልሶላቸው ለዓመታት የኖሩ አሉ። እ.ኤ.አ በ1974 በካትሪን እና ሬጅናልድ ሐምሊን በአዲስ አበባ የተመሠረተው የፊስቱላ ሆስፒታል፣ በኋላም በባሕር ዳር እና በሌሎች ከተሞች የተከፈቱ ማዕከላቱ እነዚህን እናቶች በቀዶ ሕክምና ሲፈውሱ ቆይተዋል። የሰውነት ቁስል በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ የመገለል ቁስል ግን የሚድነው ያቺ እናት ወደ ቀዬዋ ተመልሳ ጎረቤቷ “ነይ፣ ቡና ደርሷል” ስትላት ነው።

መፈናቀል እና መዛወርም ድርሻ አላቸው። በልዩ ልዩ ምክንያት ከቀዬው የተለየ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ስሙን ከነአያቱ የሚያውቁለትን ሰዎችም ያጣል። ከተማ ውስጥ ከጋራ ግቢ ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚገባ ቤተሰብ የራሱ ወጥ ቤት እና መታጠቢያ ያገኛል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ቧንቧ ውኃ ሲቀዱ፣ በአንድ ደጃፍ እህል ሲያሰጡ የሚፈጠረው ሳይታሰብ የሚመጣ ጨዋታ በዚያው ይቀራል። በሩ ተዘግቶ ሁሉም የየራሱን ስልክ ያያል።

ያለን ሀብት

ብቸኝነትን ለመከላከል ዓለም አዲስ መንገድ ሲፈልግ፣ ለእኛ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ሀብት አለን። ደቦ እና ወንፈል እህል ለማጨድ ብቻ አይደሉም። ዘፈኑ፣ ጠላው፣ ጎን ለጎን ኾኖ ማጨዱ ሰውን ያስተሳስራል። ዕቁብ ገንዘብ ብቻ አያሰባስብም፤ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ መገናኘትን ያስገድዳል። ቡና እስከ በረካ ድረስ ሦስት ጊዜ መቀዳቱ ጨዋታው ሥር እንዲሰድ ጊዜ ይሰጣል። ምሁራኑ “ተደጋጋሚ እና ቀጣይ ግንኙነት” ያሉት ይህንኑ ነው።

ነገር ግን አንድ ክፍተት አለ። ኀዘን ሲደርስ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ወንበር ያመጣል፤ ሴቶች እህል ውኃ ይዘው ይመጣሉ። ሦስት ቀን ቤቱ ሰው በሰው ይኾናል። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ይነቀላል፤ ወንበሩ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል። ኀዘንተኛው ግን እውነተኛውን ዝምታ የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። ዕድራችን ለሞተው የሚገባውን ክብር ይሰጣል፤ ለቀረው ሰው የሚደረገው ግን ድንኳኑ ሲነቀል አብሮ መቋረጥ የለበትም።

ከዚምባብዌ አያቶች የተገኘ ትምህርት

በቀላል ነገር ብዙ መሥራት እንደሚቻል ከአፍሪካ የተገኘ አብነት አለ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ይከታተላት የነበረች አንዲት ወጣት ራሷን አጠፋች። ወደ ሆስፒታሉ መምጫ የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ቀጠሮዋን መከታተል አልቻለችም ነበር። ሐኪሙ ከዚህ መሪር ኀዘን በኋላ፣ ሕክምናው በሽተኛው ወዳለበት የሚሄድበትን መንገድ አሰበ። እ.ኤ.አ ከ2006 ጀምሮ ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በተባለ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ ሥራ ጀመረ። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚመጣውን ሰው ያዳምጣሉ። ሥራው “የወዳጅነት ወንበር” የሚል ስያሜ አለው።

አያቶቹ ሐኪሞች አይደሉም። ሰፈሩን ያውቃሉ፤ የሰውን ችግር ያውቃሉ፤ ለማዳመጥ ጊዜ አላቸው። የሚጠቀሙበት ቋንቋም የሕዝቡ ነው። በሾና ቋንቋ “ኩፉንጊሲሳ” ይሉታል፤ “ሐሳብ ማብዛት” ማለት ነው። እኛም “ሐሳብ ገባው” እንላለን። መጀመሪያ ሰውየው የልቡን እንዲያወጣ ያደርጋሉ፤ ቀጥሎም ከችግሮቹ አንዱን መርጦ ሊሠራው የሚችለውን ትንሽ እርምጃ ራሱ እንዲያቅድ ያግዙታል። ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ችግር ያለፈባቸው ሰዎች ወደሚገናኙበት ቡድን ይጋበዛል። በዚያም እየተጨዋወቱ ከተጣለ ፕላስቲክ ቦርሳ ይሠራሉ፤ በሽያጩም ገቢ ያገኛሉ።

ውጤቱ በጥናት ተፈትኗል። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች የተሳተፉበት እና እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የነበረባቸው ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ውስጥ ከመቶ 14 ገደማ ብቻ ነበሩ። የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት መካከል ግን ከመቶ 50 ያህሉ ምልክቱ ነበረባቸው። አያቶቹ የያዙት መሣሪያ ጆሮ፣ ጊዜ እና ወንበር ነው። ዛፉም፣ ወንበሩም፣ አዋቂ እናቶችም እኛ ጋር አሉ።

ምን እናድርግ?

ብቸኝነት የሚሰማው ሰው በቅድሚያ ስሜቱን እንደ ነውር መቁጠሩን ይተው። ደወል ነውና ይስማው። ቀጥሎ የሐሳቡን ዳኝነት ይመርምር፤ “ናቀኝ” ያለው ጎረቤት ምናልባት የራሱ ሐሳብ ይዞት ሊኾን ይችላል። ብቸኝነትን ለመቀነስ የተደረጉ ጥረቶችን የገመገመ እ.ኤ.አ በ2011 የወጣ ጥናት፣ የተሻለ ውጤት ያስገኙት ሰውን ከሰው በማገናኘት ብቻ ሳይወሰኑ እንዲህ ያለውን የተዛባ ግምት የሚያርሙት መኾናቸውን አሳይቷል።

ከዚያ ትንሽ እርምጃ ይከተላል። በቺካጎ እ.ኤ.አ በ2014 በወጣ ጥናት፣ የባቡር ተሳፋሪዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት ጉዟቸውን ደስ የማያሰኝ ያደርገዋል ብለው ገምተው ነበር። እንዲያወሩ የተደረጉት ግን ዝም ካሉት የተሻለ ጉዞ ነበራቸው። ሁላችንም ሌላው ሊያናግረን የማይፈልግ ይመስለናል፤ ሌላውም ስለእኛ እንደዚያው ያስባል። አንዱ ሰላምታ መጀመር አለበት።

ጎረቤት የኾነ ሰው ደግሞ “ምን ልርዳህ?” ከማለት ይልቅ ራሱ ርዳታ ይጠይቅ። “አባቴ፣ ይህን ዘር መቼ እንደምዘራ ይምከሩኝ” ማለት ለአንድ አዛውንት ከእህል ስጦታ ሊበልጥ ይችላል። ሰው የሚያስፈልግ መኾኑን ሲያውቅ ወገን እንዳለው ይሰማዋል። የሩቅ ልጆችም ገንዘብ የላኩበትን ስልክ ለመልካም ጨዋታ ጭምር ይጠቀሙበት፤ ለበዓል ብቻ ሳይኾን በተወሰነ ቀን እና ሰዓት ይደውሉ። አባት የሚጠብቁት ቀን ይኖራቸዋል።

ዕድሮች፣ ማኅበራት እና ሰንበቴዎችም ሁለት ነገር ቢያስቡበት መልካም ነው። አንደኛው፣ መዋጮ ያቃተው አባል ሳያፍር የሚቆይበትን መንገድ ማበጀት ነው፤ በጉልበት እንዲያገለግል ወይም ዕፎይታ እንዲሰጠው ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ድንኳን ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ እስከ ዐርባው ቀን ተራ ይዞ ኀዘንተኛውን የሚጠይቅ ሰው መመደብ ነው። ይህ ወጪ የለውም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ኀዘን እና ብቸኝነት ለሳምንታት ሳይለቁ እንቅልፍ እና ምግብ ከከለከሉ፣ ሥራ ማሠራት ካቆሙ፣ በተለይም “ብሞት ይሻለኛል” የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ የቡና ጨዋታ ብቻውን አይበቃም። ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ በአፋጣኝ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

አበው “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ይላሉ። “ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል” የሚልም ብሂል አለን። ይህን ስንሰማ የሚታወሰን ስስታም ሰው ነው። ነገር ግን ብቻቸውን የሚበሉት ሁሉ ስስታም ስለኾኑ አይደለም፤ አብሯቸው ማዕድ የሚቆርስ ያጡም አሉ። ዛሬ ማታ እራት ቀርቦላቸው ጥቂት ቀምሰው የሚተዉ አባት ወይም እናት በየሰፈራችን አይጠፉም። በራቸውን ለማንኳኳት የሚያስፈልገው ጥቂት እርምጃ ነው።